መምህሩ በምድረ በዳ

መምህርነት ከሚያመጣቸው ስውር ፈተናዎች አንዱ፣ መምህሩ አለማወቅ ምን ዓይነት ስሜት እንደ ሆነ መርሳቱ ነው። አንድን ትምህርት ሃያ ዓመት ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ ያንኑ ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ልጅ ለምን እጁን ለማንሣት እንደሚፈራ፣ አንድ ቀን ተሳስቶ ጓደኞቹ ሲስቁበት ለምን ሳምንቱን በሙሉ አንገቱን ደፍቶ እንደሚቀመጥ ከልቡ ጠፍቶበታል። ይህ የሚሆነው ክፉ ሰው ስለ ሆነ ሳይሆን የለመደውን መንገድ ብቻ ስለሚሄድ ነው። ነገሩ የቀለም ትምህርት መምህራንን ብቻ ሳይሆን በየቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ የምናስተምረውንም ይነካል። ጸሎተ ሃይማኖትን ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቃላችን የያዝን እኛ፣ ቃሉን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ንኡሰ ክርስቲያን በልቡ ምን እንደሚያስብ መገመት ይቸግረናል።

ለዚህ ሕመም በሌሎች አገሮች ከተፈለጉት መድኃኒቶች አንዱ ለጆሯችን እንግዳ ነው። መምህራንን ከክፍላቸው አውጥቶ፣ ስንቃቸውንና ድንኳናቸውን በጀርባቸው አሸክሞ፣ ሰው ወደማይኖርበት ተራራ፣ ደን ወይም በረሃ መውሰድና ለተወሰኑ ቀናት በዚያ ማሠልጠን ነው። ሥልጠናው በአሜሪካና በብሪታንያ ከታወቀ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኛ እዚህ ላይ ልናነሣው የፈለግነው በውስጡ ያለውን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። ሰውን ለመልካም ነገር ብሎ ወደ ችግርና ወደ ፍርሃት ማስገባት ይገባልን? ችግርስ በራሱ ያስተምራልን? ጥያቄው መከራን ከጸጋ ጋር አያይዞ ለሚያስተምር ክርስቲያን ቀላል አይደለም።

የልማዱ ሥር ኩርት ሃን ከተባለ ጀርመናዊ መምህር ጋር የተያያዘ ነው። ሃን እ.ኤ.አ. በ1886 በበርሊን ከአይሁዳዊ ቤተ ሰብ ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ከባደኑ መስፍን ከማክስ ጋር ሆኖ በደቡብ ጀርመን፣ በሳለም፣ የአዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1932 የናዚ ተከታዮች ፖተምፓ በተባለች መንደር አንድን ሠራተኛ በጭካኔ ደብድበው ሲገድሉና ሂትለር ለነፍሰ ገዳዮቹ ድጋፉን ሲገልጥ፣ ሃን ለቀድሞ ተማሪዎቹ ደብዳቤ ጽፎ ከሂትለር ወይም ከሳለም አንዱን እንዲመርጡ ጠየቃቸው። በተከታዩ ዓመት ታሰረ፤ ሲፈታም ወደ ብሪታንያ ተሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1934 በስኮትላንድ ጎርደንስተን የተባለውን ትምህርት ቤት መሠረተ። በዚያም ተማሪዎቹ ከመጽሐፉ ጎን ለጎን የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎች፣ እሳት አጥፊዎችና ለተጎዱ ሰዎች ደራሾች እንዲሆኑ ይሠለጥኑ ነበር። ሃን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ደጋግሞ ያነሣ እንደ ነበር ልብ ይሏል። የዘመኑ ወጣት ከሁሉ ይልቅ የጎደለው ርኅራኄ እንደ ሆነ ያምን ነበርና፣ አካልን ማጠንከር ለእርሱ ግብ ሳይሆን ለሌላው ለመድረስ የሚያበቃ መሣሪያ ነበረ። ይህን ነጥብ በኋላ የመጡ ብዙዎች ዘንግተውታል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ የንግድ መርከቦች በባሕር ላይ ሲሰምጡ፣ በነፍስ አድን ጀልባዎች ላይ ወጣቶቹ መርከበኞች ከሽማግሌዎቹ ቀድመው ተስፋ ቆርጠው እንደሚሞቱ ይነገር ነበር። ሎረንስ ሆልት የተባለ የመርከብ ኩባንያ ባለቤት በዚህ ተጨንቆ ከሃን ጋር ተባበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1941 በዌልስ ባሕር ዳርቻ በአበርዶቪ አንድ ወር ያህል የሚወስድ ሥልጠና የሚሰጥ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስሙም «አውትዋርድ ባውንድ» ተባለ፤ በመርከበኞች ቋንቋ ወደቡን ለቅቆ ወደ ባሕር የሚያቀና መርከብ ማለት ነው። ሆልት ሥልጠናው በባሕር አማካይነት ለሕይወት የሚሰጥ እንጂ ለባሕር ሥራ ብቻ የታሰበ አለመሆኑን አጥብቆ ያስረዳ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሐሳቡ ወደ ተራራ ወጣ፤ ውቅያኖስንም ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ተራሮች፣ የመጀመሪያው ሥልጠና ተሰጠ።

በዚያ ግን አንድ ችግር ፈጥኖ ታየ፤ ወጣቶቹን ወደ ተራራ የሚመሩት ራሳቸው የተማሩ አልነበሩም። በኮሎራዶው ትምህርት ቤት ያገለግል የነበረው ተራራ ወጪው ፖል ፔትዞልት ይህን አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በዋዮሚንግ ክፍለ ግዛት በላንደር ከተማ የዱር ጉዞ መሪዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አቋቋመ። የፔትዞልት ትልቁ አስተዋጽኦ በእኛ አስተያየት ገመድ ማሠርን ወይም በረዶ ላይ መራመድን ማስተማሩ አይደለም። ሰው በጉዞ ላይ ለጓደኛው የሚያሳየው ጠባይ፣ ማለትም ትዕግሥቱ፣ ሸክም መጋራቱና ቂም አለመያዙ፣ እንደ ማንኛውም ሙያ የሚጠናና የሚለመድ ነገር ነው ብሎ በትምህርቱ ውስጥ ማስገባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ጄሪ ፓይ የተባለ ርእሰ መምህር በማሳቹሴትስ፣ በሃሚልተን ከተማ፣ «ፕሮጀክት አድቬንቸር» የተባለውን ሥራ ጀመረ። አባቱ የሚኒሶታውን አውትዋርድ ባውንድ የመሠረተ ሰው ነበር። የልጁ ጥያቄ ግን በተራራ ላይ የሚሆነው ነገር ወደ ተራው ክፍል ሊገባ ይችላል ወይ የሚል ነበረ። መልሱ መምህራኑ ዘንድ ነበር፤ ራሳቸው ያልቀመሱትን ለተማሪ ማቅመስ አይችሉምና። እንግዲህ መምህራንን ወደ ዱር መውሰድ ቦታውን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያም አውትዋርድ ባውንድ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ጋር ተባብሮ ትምህርታቸውን እንደ ጉዞ የሚያደራጁ ትምህርት ቤቶችን ማቋቋም ጀምሯል።

ለመምህራን የሚዘጋጀው ጉዞ ምን ይመስላል? አብዛኛውን ጊዜ ለወጣቶች ከሚሰጠው ያጠረ ነው። ዐሥር ያህል መምህራን በሁለት መሪዎች ሥር ይሰባሰባሉ። ምግቡ፣ ድስቱ፣ ምድጃውና ድንኳኑ ተከፋፍሎ በየጀርባቸው ይጫናል። በትምህርት ቤቷ የተከበረች የሒሳብ መምህርት ወጣቱ መሪ ያሳያትን የገመድ ቋጠሮ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ትሞክራለች፤ አይሆንላትም። ከጎኗ ያለው ወጣት መምህር ወዲያው ያሥረዋል። ያን ጊዜ ሒሳብ ያልገባውን ልጅ «ይህ እኮ ቀላል ነው» ስትለው የኖረችውን ታስታውሳለች። ካርታ በትክክል ያነበበ የመሰለው ርእሰ መምህር ቡድኑን ወደ ተሳሳተ ሸለቆ ይዞ ይወርዳል፤ ሰዎቹ የወረዱትን ያህል መልሰው ሲወጡ የሚናገሩትንና የማይናገሩትን ይሰማል። እግር ውኃ ይቋጥራል። በነፋስ መካከል ምድጃው አልበራ ይላል። ድስቱን ለሦስተኛ ቀን ማን ይሸከም በሚል ጠብ ይነሣል፤ በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ለዓመታት በጨዋነት የተሸፈነው ጠባይ በድስት ምክንያት ይገለጣል።

ገደል በሚወጡበት ቀን ደግሞ የአንዱን ሕይወት የያዘው ገመድ በሌላው ባልደረባ እጅ ነው። ከዚያም ብቻን የመሆን ጊዜ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ሰው ውኃ፣ ጥቂት ምግብና ማስታወሻ ደብተር ይዞ፣ አንዱ ሌላውን በማያይበት ርቀት፣ ቀንና ሌሊት ብቻውን ይቀመጣል፤ መሪዎቹ ደኅንነቱን ከሩቅ ይጠብቃሉ። በመጨረሻዎቹ ቀናት መሪዎቹ ከኋላ ይሆናሉ። ቡድኑ መንገድ ሲስት እያዩ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር እስካልመጣ ድረስ፣ ዝም ይላሉ። ከሁሉ ይልቅ መምህራኑን የሚያስገርመው ይህ ዝምታ ይመስለናል። መልሱን እያወቁ ተማሪው ራሱ እስኪደርስበት መታገሥ፣ በክፍል ውስጥ ስንቶቻችን የምንችለው ነገር ነው? በየምሽቱም ክብ ሠርተው ተቀምጠው የቀኑን ነገር ይነጋገራሉ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሃን ወጣቶችን አስተያየት እንዲቀበሉ ማስገደድ ክፉ ነገር መሆኑን፣ ወደ ልምድ አለመገፋፋት ግን ቸልተኝነት መሆኑን ያስተምር ነበር። ስለ ወጣት ሲባል በዚህ ቃል ብዙ እውነት አለ፤ ልጁን ዋና የሚያስተምር አባትም ውኃው ቀዝቃዛ ነው ሲባል ወዲያው አያወጣውም። ነገር ግን መምህር ዐዋቂ ሰው ነው። ደመወዙን የሚከፍለው አካል ይህን ሥልጠና ውሰድ ቢለው፣ ፈቃዱን መጠየቁ ስም ብቻ ሊሆን ይችላል። ከፍታ የሚያስፈራው፣ የተሠወረ ሕመም ያለበት፣ በባልደረቦቹ ፊት ማልቀስ የማይፈልግ ሰው እምቢ ለማለት ምን ያህል ነጻ ነው? «ፕሮጀክት አድቬንቸር» ይህን ተረድቶ፣ ፈተናውን ምን ያህል እንደሚቀበል የሚወስነው ራሱ ተሳታፊው ነው የሚለውን ደንብ አጸና። ከገመዱ ሥር ቆሞ «ዛሬ እስከዚህ ብቻ» ያለ ሰው አልወደቀም። እኛም ደንቡን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። እግዚአብሔር የሰውን ነጻ ፈቃድ የሚያከብር ከሆነ፣ በመልካም ሐሳብ ስም ያንን ፈቃድ የሚረግጥ ሥልጠና ከማን ተማረው ይባላል?

ሌላም ማስተዋል የሚገባ ነገር አለ። ጌታችን በምድረ በዳ ከተፈተነባቸው ሦስት ፈተናዎች አንዱ ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር የቀረበለት ነበር። ጾሙንና ብቸኝነቱን የተቀበለ ጌታ ይህን አልተቀበለም። እንግዲህ በመንገድ የመጣን ችግር መሸከምና አደጋን እየፈለጉ እግዚአብሔርን መፈታተን የተለያዩ ናቸው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስም ብርታትን በፍርሃትና በድፍረት መካከል ያስቀምጠዋል፤ ልክ ያለፈ ድፍረት ለእርሱ ጉድለት እንጂ የብርታት ትርፍ አይደለም። ከዚህም በላይ የብርታት ዋና ሥራ ማጥቃት ሳይሆን መጽናት መሆኑን ያስረዳል። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ገደሉን ሲወጣ የተጨበጨበለት መምህር ሳይሆን፣ በዝናብ የታመመ ባልደረባውን ሸክም ጨምሮ ይዞ ቀስ ብሎ ከኋላ የሄደው ነው ብርቱ። ሥልጠናውን የሚያስተዋውቁ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩን የመጀመሪያውን መሆኑ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ችግር በራሱ ያስተምራል ወይ የሚለው ነው። በኮሎራዶው ትምህርት ቤት በዚህ ላይ ረዘም ያለ ክርክር ነበር። አንዳንዶች ተራራው ራሱ ይናገራል፣ መሪው ንግግር አያብዛ ይሉ ነበር። ሌሎች ደግሞ ያለ ውይይትና ያለ አስተርጓሚ ሰው ከተራራ የሚያመጣው ድካም ብቻ ነው ብለው ይመልሱ ነበር። ቶማስ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1980 ይህንኑ ጥያቄ ርእስ አድርጎ ጽፎበታል። እኛ ወደ ሁለተኛው ወገን እናደላለን። ወደ ኤማኁስ የሄዱት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት መንገዱን በእግራቸው ተጉዘዋል፤ ኀዘኑም በልባቸው ነበረ፤ የሆነውንም ሁሉ ያውቁ ነበር። ነገር ግን አብሯቸው የሚሄደው ጠይቆ እስኪያናግራቸው፣ መጻሕፍትንም እስኪተረጉምላቸው፣ በማዕድም እንጀራውን እስኪቆርስ ድረስ ያዩትን አላወቁትም። ሆኖም የመጀመሪያውን ወገን ሙሉ በሙሉ አንጥልም። ጌታ አስቀድሞ የጠየቃቸው ምን እያወሩ እንደሚሄዱ ነው፤ ሳያደምጥ ማስተማር አልጀመረም። ብዙ የሚናገር መሪ ተራራውን ይሸፍነዋል።

የግእዝ ቋንቋችን በዚህ ላይ ምስክር አለው። ዛሬ «ገዳም» ስንል መነኮሳት የሚኖሩበትን ቦታ እናስባለን። በግእዝ ግን ቃሉ አስቀድሞ ሰው የማይኖርበትንና ያልታረሰውን ምድር የሚያመለክት ነው፤ ጌታችን የተፈተነበት፣ መጥምቁ ዮሐንስም የሰበከበት በግእዙ ወንጌል «ገዳም» ይባላል። አባቶቻችን ዱሩን የጸሎት ቤት ሲያደርጉት ስሙን አልለወጡትም። ዱር ግን የመጨረሻ ማረፊያ ሆኖ አልተሰጠም። ነቢዩ ኤልያስ ሞቱን ተመኝቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ሲተኛ፣ መልአኩ ተግሣጽ ሳይሆን እንጀራና ውኃ አቀረበለት፤ ኤልያስም በልቶ ተኛ፤ ደግሞም በላ። በኮሬብም ከነፋሱ፣ ከምድር መናወጡና ከእሳቱ በኋላ በቀጭኑ ድምፅ የሰማው ቃል ወደ መጣበት መንገድ እንዲመለስና ሰዎችን ቀብቶ እንዲሾም የሚያዝ ነበረ። ከሚሾሙት አንዱ ኤልሳዕ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ። ከተራራው የወረደ መምህር መለወጡ የሚታወቀው በክፍሉ ውስጥ ባለው ልጅ ፊት ነው።

በእኛ ዘመን ይህን ያሳዩን ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ናቸው። ገና ካህንና የዩኒቨርሲቲ መምህር ሳሉ፣ በኮሚኒስት መንግሥት ሥር በነበረችው ፖላንድ ካህናት ወጣቶችን ሰብስበው መምራት አይፈቀድላቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ያለ ካህን ልብስ ከተማሪዎቻቸው ጋር ወደ ተራራና ወደ ሐይቅ ይሄዱ ነበር፤ ተማሪዎቹም ማንነታቸው እንዳይታወቅ «አጎቴ» ይሏቸው ነበር። የተገለበጠች ታንኳ መንበረ ታቦት ሆና ቅዳሴ ይቀደስባት ነበር። ሁለት ሰው በምትይዘው ታንኳ ከአንዱ ወይም ከአንዷ ጋር እየቀዘፉ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ እምነት ይነጋገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ረዳት ጳጳስ ሆነው መመረጣቸው የተነገራቸው ከእንዲህ ዓይነት ጉዞ ላይ ተጠርተው ነው፤ ሹመቱን ከተቀበሉ በኋላም ወደ ታንኳቸው ተመልሰዋል።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ግን አንድ ተቃውሞ በጆሯችን ይሰማናል፤ ተቃውሞውም ትክክለኛ ነው። በአገራችን ገጠር የሚያስተምር ካቴኪስት ይህን አንብቦ ምን ይላል? እርሱ ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ወደ ጸሎት ቤቱ የሚደርስ፣ በክረምት ወንዝ ሞልቶ የሚያሳድረው፣ ስንቁ ቆሎ የሆነ ሰው ነው። «ሀብታሞች ገንዘብ ከፍለው የሚገዙትን ችግር እኛ በነጻ እናገኘዋለን» ቢለን ምን እንመልስለታለን? አቡነ ያዕቆብ በመባል የሚታወቁት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር በስደትና በጉዞ እያስተማሩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1860 በቆላው ሐሩር በመንገድ ላይ ዐረፉ። ለእርሳቸውና እርሳቸውን ለተከተሉት ምድረ በዳው ሥልጠና አልነበረም፤ ሥራቸው ነበረ። ስለዚህ ለገጠሩ አስተማሪ ተጨማሪ ተራራ ይሰጠው ማለት ስድብ ነው። ችግሩን እያሞገስን ጫማና በቅሎ ሳንገዛለት መቅረትም ከስድብ የከፋ ነው።

ነገር ግን ክርክራችን እውነት ከሆነ፣ ማለትም ተራራው ያለ አድማጭና ያለ ውይይት ብዙም የማይናገር ከሆነ፣ ለዚህ ካቴኪስት የጎደለው ሌላ ነው። የሚጎድለው የምሽቱ ክብ ነው። የዛሬው መንገድ እንዴት ነበረ፣ ልጆቹ ምን ጠየቁህ፣ የት ላይ መልስ አጣህ ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም። ሪፖርቱ የተጠማቂዎችን ቁጥር ይጠይቀዋል እንጂ ይህን አይጠይቀውም። ለከተማው መምህር በአንጻሩ የሚጎድለው መንገዱ ነው፤ ውይይት፣ ጉባኤና ወረቀት ሞልቶለታል።

ስለዚህ በካቴኪስቶች ዓመታዊ ሱባዔ ላይ አንድ ነገር ቢሞከር እንወዳለን፤ ወጪውም ከስንቅ አያልፍም። በአዳራሽ ከሚሰጡት ትምህርቶች ሁለቱ ቀርተው፣ የከተማ ቁምስና አስተማሪዎች አራት አራት ሆነው ወደ ሩቅ ጸሎት ቤቶች ይሂዱ፤ መሄድ ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ይቅር። መሪው የዚያ ጸሎት ቤት ካቴኪስት ይሁን፤ መንገዱን፣ የወንዙን መሻገሪያና የሚያርፉበትን ዛፍ የሚያውቀው እርሱ ነውና። እንግዶቹ በዚያ ቀን አያስተምሩ፤ ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ይስሙ። ማታ እሳት ዳር ሲቀመጡም የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚጠይቀው ካቴኪስቱ ይሁን።